እማማ ጥሩወርቅ ሁለቴ የሞቱ ዕለት

ይህ ነገር የሆነው በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብሩ አልፎ ሰው ትንሽ መተንፈስ በጀመረበት ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ቀጥሎ እንባዬ። ልጆቼ «እማዬን ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል። ይበሉ።

ያኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ባንኮኒ ላይ ነበር የምሠራው። የምኖረው ደግሞ ወደ አፍንጮ በር ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ጥቂት አባወራ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው።

የግቢያችን አውራ እማማ ጥሩወርቅ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ጾም አይገድፉም፣ ሰው መንካትም አይተዉም። ለሞታቸው የሚያስፈልገውን ሁሉ ቀድመው ያሰናዱ ሴት ነበሩ። መግነዛቸው ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል። ሲተኙም አያወልቁትም። «በትንሣኤ ቀን ለብሼው የምነሳውን ልብስ ለማንም አላስነካም» ይሉ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራው እትዬ ሐና ናት። አምስት ኪሎ አካባቢ ታስተምር ነበር። ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ስለቆየ ቤቷ ውስጥ ድምጿን ቀንሳ ትዘምራለች። እማማ ታዲያ ግድግዳውን በከዘራቸው ደብደብ ያደርጉና «አንቺ ጴንጤ፣ ከዘመርሽ አይቀር ጎላ አድርጊው እንጂ፤ ግማሹ እየቀረብኝ ነው!» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ይነካካሉ እንጂ አይጣሉም።

እትዬ ሐና አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ዮናስ። ትምህርቱን ሊጨርስ ምንም ሳይቀረው በሽብሩ ጊዜ መጥተው ከቤት ወሰዱት። ለወራት ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሰችለት። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳህኑን እንዳለ መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በቃ። ተዛውሯል አላላትም፣ ተፈቷል አላላትም፣ ሞቷል አላላትም።

በዚያ ዘመን እንዲያ ለቀረ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን መትከል የለ፣ ከል መልበስ የለ፣ ደረት መምታት የለ። ለጸረ ሕዝብ አለቀሰች ተብላ የታሰረች እናት አውቃለሁ። እትዬ ሐና ሥራዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ እንባዋን ያየ ሰው አልነበረም። እኛም «ጴንጤ እኮ ጠንካራ ነው» እየተባባልን ዝም አልን።

ወደ ዕለቱ ልመለስ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እንደ ወትሮዬ እማማን ደህና አደሩ ልል በራቸውን አንኳኳሁ። ዝም። እሳቸው ከወፍ ቀድመው የሚነሱ ሴት ናቸው። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ተኝተዋል፤ አፋቸው ገርበብ ብሏል። ጠራኋቸው፣ ነቀነቅኋቸው፣ እጃቸውን ያዝኩት። በረዶ ነው። እኔ ደግሞ ነገር አጣርቶ መናገር ተፈጥሮዬ አይደለም። ወደ ግቢው ወጥቼ «ኡኡ! እማማዬን! እማማዬን!» ብዬ አቀለጥኩት።

ጋሽ ባዩ የሚባል የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ የሚለፍፈው እሱ ነው። ያን ዕለት ታች ሰፈር የሞተ ሌላ ሰው ለፍፎ እየተመለሰ ኖሮ፣ ጩኸቴን ሲሰማ ጥሩምባው እጁ ላይ ነበር። አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ማን?» አለኝ። «እማማ ጥሩወርቅ!» አልኩት። ገብቶ ማየት እንኳን የለም። እዚያው ነፋው፤ «እማማ ጥሩወርቅ ስላረፉ፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

የሰፈራችን እድር ለስብሰባ ሲጠሩት ይጎተታል፤ ለሞት ግን የሚቀድመው የለም። ወዲያው ድንኳኑ ግቢያችን መሃል ቆመ፤ አግዳሚው ተደረደረ፤ ንፍሮ ተጣደ፤ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሰው እያለቀሰ መግባት ጀመረ።

አጥበን ልንገንዛቸው ሦስት ሴቶች ወደ ክፍሉ ገባን። እኔ፣ እትዬ ሐና፣ ሦስተኛዋ በላይነሽ። በላይነሽ የሰፈሩን ሴት ሬሳ ሁሉ የምትገንዝ ደፋር ሴት ናት። በሩን ዘጋችና እጅጌዋን ሰብስባ «መግነዙ የት ነው?» አለች።

«ሳጥኑ ውስጥ ነው» አልኳት።

«ቁልፉስ?»

አንገታቸውን አሳየኋት። በላይነሽ እጇን ሰዳ ቁልፉን ከነክሩ ያዝ ስታደርግ፣ የእማማ እጅ ከጋቢው ስር ወጣና አንጓዋን ለቀም አደረጋት።

«የማን እጅ ነው?» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የስንቱን ሬሳ የገነዘችው በላይነሽ «በስመ አብ» ብላ ሳትጨርሰው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ። እትዬ ሐና ብቻ አልጋው አጠገብ ቆማ ቀረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

በኋላ እንደተረዳነው ነገሩ ቀላል ነበር። ጉንፋን ይዟቸው በላይነሽ ራሷ እንቅልፍ የሚያስወስድ ክኒን ሰጥታቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ በአረቄ አወራርደውታል። «ራስሽ አስተኝተሽኝ ራስሽ ልትገንዢኝ!» እያሉ ዕድሜ ልኳን አበሽቀዋታል።

እማማ ተነስተው ተቀመጡ። ከውጭ የሚመጣውን ዋይታ አዳመጡና «ማን ሞተ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎታ!» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ «ማን ማን መጣ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ያቺ አስካለስ? መጥታለች?» አሉ። አስካለ የማይወዷት የታች ግቢ ሴት ናት። ደረቷን እየደቃች ነው ስላቸው «ወይ አስካለ! ውሸቷን እኮ ነው» አሉና ፊታቸው በደስታ በራ።

እልል እያልኩ ልወጣ የበሩን እጀታ ስይዝ እትዬ ሐና «ቆይ!» አለችኝ። እንዲያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። አልጋው ስር ተንበረከከችና የእማማን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ፣ እዚያ ደርሰው ከሆነ ይንገሩኝ። ዮናስን አዩት? ልጄን አዩት?»

ልጁ ከተወሰደ ወዲህ ስሙን ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በላይነሽ ከመሬት ሆና ለእማማ በዓይኗ ጠቀሰች፤ አየሁት በሏት ማለቷ ነው። እኔም በልቤ «በሏት፣ በእናትዎ በሏት» እያልኩ ነበር። ነጭ ለብሶ፣ ከመላእክት ጋር አየሁት ቢሏት ምን ይጎድልባቸዋል?

እማማ ማተባቸውን ጨብጠው «አላየሁትም ልጄ» አሉ። «ማንንም አላየሁም። ብርሃን አላየሁ፣ መልአክ አላየሁ። ተኝቼ ነበር። ጌታ በተነሳበት ሳምንት አልዋሽሽም።»

እትዬ ሐና ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋች።

«አየሁት ቢሉኝ ሞቷል ማለት ነበር» አለች። «እኔ ያጣሁት ሞቷል የሚለኝ ሰው ነው። የሞተ ይነሳል ብዬ አምናለሁ፤ ዘምሬዋለሁ፣ ሰውም አጽናንቼበታለሁ። ግን ለመነሳት መጀመሪያ መሞት አለ። እኔ ልጄን ከሞቱት አልቆጠርኩት፣ ካሉት አልቆጠርኩት። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ። በሕይወት ላለ ልጅ እንዴት ብዬ ላልቅስ? ላልሞተ ልጅስ እንዴት ብዬ ትንሣኤ ልጠብቅ?»

ለካ ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ነበር! ጠንካራ ናት እያልን አጠገቧ ቡና ስንጠጣ፣ ስንስቅ፣ ስንሰነባበት።

እማማ ራሷን እየዳበሱ «ዮናስ በሕይወት ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ለእናቱ አንዲት ቃል የማይልክ ልጅ ነበር?» አሏት።

«አልነበረም» አለች። በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው።

«እንግዲያው አልቅሺለት። ለቆመ ሰው ማልቀስ እንደሆነ አይገድልም፤ ይኸው ለእኔ እየተለቀሰልኝ ቁጭ ብዬ አወራሽ የለ? ዮናስ በሕይወት ቢመጣ እንባሽን ጠርጎ ይስቅብሻል። ባይመጣም በመጨረሻው ቀን ታገኚዋለሽ። እኔ ተኝቼ ስለነበር አላየሁትም እንጂ፣ እኔ ስላላየሁት የሚቀር ነገር የለም።»

«እኛ እኮ እንዲህ አናለቅስም፤ ተስፋ አለን ብለን እንዘምራለን» አለች እትዬ ሐና።

«ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው እየሄደ አላለቀሰም? ከእሱ ልትበልጪ ነው?»

እትዬ ሐና ቀና ብላ «የት ሆኜ?» ብላ ጠየቀች። «ማን ያስለቅሰኛል?»

እማማ ጆሯቸውን ወደ ውጭ አቀኑ። ዋይታው ደምቋል። «ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው መጥቷል፣ ንፍሮው በስሏል» አሉ። «ከሞትኩ አይቀር አንድ ሰው እንኳን ይጠቀምብኝ። እናንተ ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። ሐና፣ የልጁን ልብስ አምጪ።»

የሟችን ልብስና ፎቶግራፍ ይዞ ማልቀስ ወጋችን ነው። እትዬ ሐና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና አንድ ቡናማ ሹራብና አንዲት ትንሽ ፎቶ ደብቃ ይዛ ተመለሰች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሹራቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ እጅጌውን አስተካከለችው። ከዚያ «ዮናስ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለምሳ እንደምትጠራው። ደግማ ጠራችው። በሦስተኛው ጮኸች።

አቤት ያ ለቅሶ! ስንት ዓመት የተከማቸ ነው። እኔና በላይነሽም አብረን ፈሰስን።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ስሙን ሲሰሙ ለአፍታ ዝም አሉ። ዮናስ ማነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ የተነሳው ለቅሶ እንደ ጠዋቱ አልነበረም። አስካለ እንኳን ያን ጊዜ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። የእሷም ወንድም የቀረው በዚያው ሰሞን ነበር። ማን ለማን እንደሚያለቅስ ሁሉም በልቡ ያውቃል፤ በአፉ ግን «እማማ ጥሩወርቅ» ይላል።

በዚህ መሃል ጋሽ ባዩ በሩን ቧጠጥ ቧጠጥ አደረገና «ጓድ ደረጄ መጣ!» አለ።

ጓድ ደረጄ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። በየሳምንቱ ውይይት ክበብ እየሰበሰበ ከሞት በኋላ ምንም እንደሌለ፣ ይህ ሁሉ ቄሶች የፈጠሩት እንደሆነ ያስተምረናል። እማማ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንቀላፉበት ነበር። አሁን ድምፁ ከበሩ ውጭ ተሰማ፤ «ዮናስ የሚል ስም ሰምቻለሁ። እዚህ ቤት የሚለቀሰው ለማን ነው?»

እትዬ ሐና ሹራቡን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። ከያዛት አለቀላት። እኛም አብረን አለቀልን። ምን ብለን እንደምንመልስ ልጠይቅ ወደ እማማ ዞር ስል፣ እማማ ተኝተዋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው አፋቸውን እንደ ጠዋቱ ገርበብ አድርገዋል።

«እማማ!» አልኩ በድንጋጤ።

ባንድ ዓይናቸው አዩኝና «ሞቻለሁ» አሉኝ።

በላይነሽ ነጠላ ፊታቸው ላይ ጣል አደረገች። እትዬ ሐና ሹራቡንና ፎቶውን በእማማ ጋቢ ስር ወሸቀችው። በሩ ተከፈተ።

ጓድ ደረጄ ገብቶ አልጋውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። በላይነሽ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ «ልንገንዛቸው ስለሆነ ወንድ አይቆምም ጓድ» አለችው። «አንዴ ልሰናበታቸው» አለና ወደ ራስጌያቸው ጎንበስ አለ። እኔ ትራሱ አጠገብ ስለነበርኩ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት።

«እማማ፣ እዚያ ሲደርሱ እናቴን ሰላም ይበሉልኝ። ደረጄ ደህና ነው ይበሏት።»

ቶሎ ብሎ አማተበ። ኮፍያውን አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ የዮናስንም ስም ሳያነሳ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ እማማ ነጠላውን ከፊታቸው ገፈፉና ሁለቴ አስነጠሱ። እንዴት ችለውት እንደቆዩ እግዜር ይወቅ። እትዬ ሐና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ እንደገና አለቀሰች። ደክሟት ዝም እስክትል ጠበቅናት። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና «አሁን በቃኝ» አለች።

የቀብሩ ሰዓት ስለደረሰ ነገሩን መግለጥ ግድ ሆነ። እማማ ነጭ በነጭ ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ወጡ። የሆነውን መናገር ያቅተኛል። አግዳሚው ተገለበጠ። አስካለ ተዘረረች። ጋሽ ባዩ ጥሩምባውን ጥሎ አጥር ዘለለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ንፍሯቸውን ማኘክ አላቋረጡም።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ እማማ። «ተቀመጡ፣ ንፍሮው ለምን ይበላሻል?» ራሳቸውም ከለቅሷቸው ንፍሮ ዘግነው በሉ።

ጓድ ደረጄ ድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ነበር። ላብ አጥምቆታል። እማማ ቀስ ብለው ሄዱና እጅጌውን ጎተት አድርገው ጆሮውን ወደ አፋቸው አወረዱት። ቀጥሎ ያሉትን እኔና እሱ ብቻ ነን የሰማነው።

«ልጄ፣ መልእክትህን አላደረስኩልህም፤ ከመንገድ ነው የተመለስኩት። በሚቀጥለው።»

ስለዚያ ቀን ለቅሶ ከቀበሌ አንድም ቃል አልመጣብንም። ውይይት ክበቡም ላይ ስለ ሞት ማስተማሩ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምርት እድገት ብቻ ሆነ።

ማታውን እትዬ ሐና ሹራቡን ልትወስድ ስትመጣ እማማ አልሰጧትም። «ፎቶውን ውሰጂ፣ ይሄ ከእኔ ጋር ይቆይ» አሏት። «ልጁ መቃብር የለውም። የእኔ ለሁለታችን ይበቃል። ስነሳ ይዤለት እነሳለሁ።» ሳጥናቸውን ከፍተው ሹራቡን መግነዙ ላይ አጥፈው አስቀመጡትና ቆለፉበት።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሐና በር ሲንኳኳ መደንገጧን ተወች። ተንኳኳ ማለት ጎረቤት መጣ ማለት ብቻ ሆነ። መዝሙሯም ትንሽ ከፍ አለ።

እማማ የምራቸውን የሞቱት ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ነው። የሰፈሩ አራዶች እስከዚያ ድረስ «አልዓዛር» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። ጋሽ ባዩ ያን ጊዜ ጥሩምባውን ውጭ አስቀምጦ ገባ። ስማቸውን እየጠራ ቀሰቀሳቸው፣ መስታወት አፋቸው ላይ ያዘ፣ እኔንም እትዬ ሐናንም አስመሰከረ። በላይነሽ ቁልፉን ከማተባቸው ስትፈታ ሦስታችንም እጃቸውን እያየን ትንፋሻችንን ዋጥን። እጃቸው አልተነሳም። ሹራቡን ደረታቸው ላይ አድርገን አብረን ገነዝነው።

እኔ ድሮ ሬሳ የያዘ መኪና ሳይ መንገድ የምቀይር ፈሪ ነበርኩ። አሁን አልፈራም። እማማ ያን ዕለት ምንም አላየሁም ማለታቸው፣ ብርሃን አየሁ ከሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትንሣኤ መኖሩን አሳምኖኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልቤ ግን በዚህ ነገር ረክቷል።

እትዬ ሐና አሁን አርጅታለች። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ደግፌያት ወደ እማማ መቃብር እንሄዳለን። አበባዋን ታስቀምጥና መዝሙሯን ትጀምራለች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለሆነች ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ትቀንሳለች።

«ጎላ አድርጊው እንጂ እትዬ» እላታለሁ፤ «ግማሹ እንዳይቀርባቸው።»